«በጀቱ በእጥፍ አደገ» እና ስለ መንግሥት በጀት የሚነገሩ ሌሎች ስህተቶች

ሐምሌ በገባ ቁጥር ጎንደር ውስጥ አንድ አባባል ከጆሮዬ አይጠፋም፤ «የዘንድሮው በጀት ከአምናው ይህን ያህል አድጓል» ይባላል። በስብሰባ አዳራሽም ፒያሳ ላይም ይደገማል፤ የተማሩ ሰዎችም ሳይመረምሩ ይቀባበሉታል። ሥራዬ የወረዳና የከተማ በጀት ሰነዶችን ዓመት ከዓመት ማነጻጸር በመሆኑ፣ ይህ አባባል ስንት ሰው እንደሚያሳስት በየጊዜው አያለሁ፤ ሳልታክት ባርምም ተመልሶ ይመጣል።

የብሩ መጠን ከጨመረ በጀቱ አድጓል

የፌዴራል መንግሥቱ የ2017 በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የ2018ቱ ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሁሉ «እጥፍ» ይላል። ነገር ግን በ2017 ኅዳር ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸድቆ የዓመቱ ጠቅላላ በጀት 1.55 ትሪሊዮን ብር ደርሶ ነበር። ትክክለኛው መነሻ ይህ ስለሆነ፣ እጥፍ የተባለው ዕድገት ወደ 24 በመቶ ይወርዳል።

ይህም ቢሆን የብሩ የመግዛት አቅም ገና ያልታሰበበት ስሌት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ130 ብር በላይ ሆኗል። በቀድሞው ተመን 971.2 ቢሊዮኑ ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር፤ 1.93 ትሪሊዮኑ ግን በአዲሱ ተመን 15 ቢሊዮን አይሞላም። ደመወዝ የሚከፈለው በብር ስለሆነ ይህን ንጽጽር ለሁሉም ወጪ መጠቀም አይገባም፤ ለመድኃኒት፣ ለተሽከርካሪ፣ ለውሃ ፓምፕና ለውጭ ዕዳ ክፍያ ግን ልክ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚመለከተን ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ነው። መጀመሪያ በጸደቁት በጀቶች ውስጥ ድጎማው በ2015 209.4 ቢሊዮን፣ በ2016 214 ቢሊዮን፣ በ2017 ደግሞ 222.7 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ በወረቀት ላይ በየዓመቱ ጨምሯል። በእነዚያ ዓመታት ዋጋ በየዓመቱ በ20 በመቶ ብቻ ጨመረ ብለን በቁጥብነት ብናሰላ እንኳ፣ የ2017ቱ ድጎማ በ2015 ዋጋ 155 ቢሊዮን ብር ያህል ነው። ከጠቅላላው የፌዴራል በጀት የነበረው ድርሻም ከ26.6 በመቶ ወደ 23 በመቶ ገደማ ወርዷል። አንድ ወረዳ «በጀታችን ጨምሮ ሳለ ለምን ሥራ ማስኬጃ አጠረን?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ በአብዛኛው እዚህ ላይ ይገኛል፤ ሰው ግን ወዲያው ሌባ ፍለጋ ይሄዳል።

በአንድ ወረዳ የጤና ጣቢያው የመድኃኒት መግዣ በጀት ለተከታታይ ዓመታት አድጓል ተብሎ በሪፖርት ተመስግኖ ነበር። የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ መጋዘን የገባ ንብረት የሚመዘገብባቸውን ደረሰኞች፣ ማለትም ሞዴል 19ኞቹን፣ እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት። የተከፈለው ብር በእርግጥ ከዓመት ዓመት ጨምሯል፤ መጋዘን የገባው መድኃኒት ግን ከዓመት ዓመት ቀንሷል። ሪፖርቱን ያዘጋጁት ሰዎች አልዋሹም፤ ማየት የነበረባቸውን ነገር ግን አላዩም፤ በዚህ የተነሳም ታካሚዎች መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ውጭ ካሉ መድኃኒት ቤቶች እየገዙ ከረሙ።

የጸደቀ በጀት ወጪ የተደረገ ገንዘብ ነው

አይደለም። አንድ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲዘልቅ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይኖሩታል፤ እነሱም የጸደቀው፣ በዝውውርና በተጨማሪ በጀት የተስተካከለው፣ በመጨረሻም በተግባር የተከፈለው ናቸው። የአንዱን ዓመት የጸደቀ ከሌላው ዓመት ክፍያ ጋር ማነጻጸር ምንም ትርጉም የለውም፤ ሆኖም ይህን ያደረጉ ጥናት ተብዬዎች በእጄ ገብተዋል። ገቢ ሲያንስ ደመወዝ ስለማይነካ ቅነሳው የሚያርፈው ለግንባታና ለቋሚ ንብረት በሚውለው ካፒታል በጀትና በሥራ ማስኬጃ ላይ መሆኑም መታወቅ አለበት።

የመገጭን ግድብ የሚሠራው የከተማው በጀት ነው

የመገጭ ግድብ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉም የሚተዳደሩት በፌዴራል በጀት ነው። ጥያቄውን ለከተማው ምክር ቤት ብቻ ማቅረብ ቁጣን ወደተሳሳተ በር መውሰድ ነው።

ግብራችን ሁሉ አዲስ አበባ ይሄዳል

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 የክልል ተቀጣሪዎችን የሥራ ግብር፣ የገበሬዎችን ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያንና የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልል ሰጥቷል። ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ደግሞ ለከተማው አገልግሎት ይውላል። የፌዴራል መንግሥቱና የክልሎች የጋራ ገቢዎች ክፍፍልና የክልሎች ድጎማ የሚወሰነው በአንቀጽ 62 መሠረት በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘብ ሚኒስቴር ብቻውን የሚወስነው ይመስለዋል።

የበጀት ጉድለት ማለት ገንዘብ ጠፋ ማለት ነው

ጉድለት በታቀደ ገቢና በታቀደ ወጪ መካከል ያለ፣ በብድር የሚሸፈን ልዩነት ነው። መጠየቅ ያለበት መጠኑና የብድሩ ምንጭ ነው፤ ምክንያቱም ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ የሚወሰድ ብድር ዋጋ ያንራል፣ የናረው ዋጋም ከላይ እንዳየነው በጀቱን መልሶ ይበላዋል።

በጀትን በዘመናት መመርመር የሚፈልግ ሰው የክልሉን የበጀት አዋጅ የክልሉ ሕጎች ከሚታተሙበት ከዝክረ ሕግ ጋዜጣ፣ የክፍያውን መረጃ ደግሞ ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይያዝ። ለእያንዳንዱ ዓመት የጸደቀውን፣ የተስተካከለውን፣ የተከፈለውንና የዋጋ መለኪያውን በአራት ዓምድ ይጻፍ፤ ደመወዝን ከሥራ ማስኬጃ፣ ካፒታልን ከመደበኛው፣ ማለትም ከደመወዝና ከሥራ ማስኬጃ፣ ይለይ። ቢያንስ አምስት ዓመት ሳይሞላ ስለ አዝማሚያ አይናገር፤ አንድ የደመወዝ ማስተካከያ ወይም አንድ ተጨማሪ በጀት የሁለት ዓመት ንጽጽርን ሊያዛባ ይችላልና። የምክር ቤት አባል ከሆነ ደግሞ ሪፖርት አቅራቢው «በዚህን ያህል በመቶ አደገ» ባለ ጊዜ ከየትኛው መነሻ፣ በየትኛው ዓመት ዋጋ እንደተሰላ ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘም ሪፖርቱ ተስተካክሎ እንዲቀርብ ያሳስብ።