የማዕከላዊ ባንክ ነጻነት ምንድን ነው?

የአገርን ገንዘብ የሚያትመውም፣ መነሻውን የወለድ ምጣኔ የሚወስነውም ማዕከላዊ ባንክ ነው። ነጻ ነው የሚባለው መንግሥት በጀት ሲጎድለው "አትምልኝ"፣ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ "ወለድ ቀንስልኝ" ቢለው እምቢ ማለት ከቻለ ነው።

እምቢታው ምን እንደሚያስከፍል ቱርክ ውስጥ ታይቷል። ሕጉ ባንኩ ወለድ በራሱ እንዲወስን ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የባንኩ ገዥ ናጂ አግባል ወለዱን ከ17 ወደ 19 በመቶ ከፍ አደረጉ። በሁለት ቀን ውስጥ ፕሬዚዳንት ኤርዶጋን ከሥልጣን አነሷቸው። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሦስተኛው ተሰናባች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ገዥ ወለዱን ቀነሱ፤ ወለድ ሲቀንስ ብድር ይረክሳል፣ ገበያ ውስጥ የሚዞረው ገንዘብም ይበዛል። በጥቅምት 2022 የዋጋ ንረቱ ከ85 በመቶ አለፈ። ዕዳውን የከፈለው ደመወዝተኛው ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የመንግሥትን የበጀት ጉድለት ለዓመታት በቀጥታ ብድር ሲሸፍን ኖሯል። ያ ብር ከግብር የተሰበሰበ አይደለም፤ አዲስ የተፈጠረ ነው። ዕቃው ሳይጨምር ብሩ ሲበዛ ጤፉም ዘይቱም ይወደዳል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የባንኩ አዋጅ ለዚህ ብድር ጣሪያ አስቀምጧል።

ታዲያ ሙሉ ነጻነት አለ ወይ? የለም። የትም አገር ቢሆን ሹመቱ ከመንግሥት እጅ አይወጣም። እኔ እንደማምነው መኖርም የለበትም፤ ማንም ያልመረጣቸው ሰዎች በሕዝብ ኑሮ ላይ ያለ ተጠያቂነት ሊወስኑ አይገባም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣችው ሕግ ልቤን የሚያሳምነው ለዚህ ነው። በዚያ ሕግ የዋጋ ንረቱ የት ላይ መቆም እንዳለበት መንግሥትና ገዥው በይፋ ይፈራረሙ ነበር፤ እንዴት እንደሚደረስበት ባንኩ ይወስን ነበር። ገዥው ካልተሳካላቸው ሊነሱ ይችሉ ነበር።

ሌላው አማራጭ የባንኩን እጅ ጨርሶ ማሰር ነው። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ገንዘቧን ከአሜሪካ ዶላር ጋር አጣብቃ፣ ላወጣችው ገንዘብ ዶላር መያዣ ታስቀምጣለች። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2000 የራሷን ገንዘብ ትታ ዶላርን ተቀበለች። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1991 ገንዘቧን ከዶላር ጋር በቋሚ ምጣኔ አሰረች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ባንኮች ተዘግተው፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሥርዓቱ ፈረሰ።

የውጭ ምንዛሪ ለሚያጥራት ኢትዮጵያ ይህ መንገድ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የብድሩ ጣሪያ ይከበር፤ ባንኩም ለመንግሥት ስንት እንዳበደረ በየሩብ ዓመቱ በግልጽ ይንገረን።