ማሪና ምንድን ነው? ወደብስ አይደለም

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን አስጠግቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። የእንግሊዝ አገር ቦይ ነው፣ ለጀልባ መሄጃ የተቆፈረ የውሃ መንገድ፤ ቀጫጭን፣ ረጃጅም ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ይታያሉ። «ጋሼ፣ ይሄን ወደብ ይዩልኝ እስቲ! እንዲህ ያለ ወደብ ሐይቃችን ላይ ቢሠራ እኮ ስንት ዕቃ ይመላለስ ነበር» አለኝ። ወዴት ነው የሚመላለሰው ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። ሐይቁ መውጫ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም። ዕቃው ከዳር ተነሥቶ ዳር ሊደርስ ነው።

ልጁን አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት ከዚያ በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ማይክ ይዘው «ማሪና ማለት በአማርኛ ወደብ ማለት ነው» ብለው በሙሉ ልብ ያስረዱንን ሰው ነው። ያኔ እጄን አውጥቼ መናገር ነበረብኝ። የሻይ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ዝም አልኩ፤ ዝምታው እስካሁን ይቆረቁረኛል። ስምንት ዓመት እንግሊዝ አገር በአንድ የቦይ ማሪና ሠርቻለሁ። ገመድ ስቋጥር፣ ናፍጣ ስቀዳ፣ የጀልባ ሽንት ቤት በፓምፕ ስመጥጥ ኖሬያለሁ። ወደብ ውስጥ የምሠራ ግን አንድም ቀን መስሎኝ አያውቅም።

ወደብን ለወሎ ሰው ማስረዳት የማያስፈልግ ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ አለና። የውሃ ጠብታ የለውም፣ ግን ወደብ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር እዚያ ይራገፋል፣ ጉምሩክ ያየዋል፣ ቀረጡ ይከፈላል፣ ከዚያ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። «ደረቅ ወደብ» የሚለውን ስም ሰምተው የሚስቁ ሰዎች ወደብን ወደብ የሚያሰኘው ውሃው ይመስላቸዋል። ወደብ የሚያሰኘው ዕቃው ከአንዱ አጓጓዥ ወደ ሌላው መተላለፉ፣ ወረቀቱም እዚያው ማለቁ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ነገሩ ተገለባብጧል፤ ወደቡ ውሃ የለውም፣ ውሃ ያለው ዳር ደግሞ ወደብ አይደለም።

ሰኞ ባቲ ገበያ ውሎ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ቆለኛው ግመሉን ያራግፋል፣ ደገኛው በቅሎና አህያውን ይጭናል። ባቲ እንግዲህ ወደብ ናት በሉት። አሁን ደግሞ መሽቶበት በቅሎውን ይዞ ዘመድ ቤት ያደረውን ነጋዴ አስቡ። በቅሎዋ ጋጣ ትገባለች፣ ትታሰራለች፣ ጭድ ይቀርብላታል፣ ውሃ ትጠጣለች፤ ጠዋት ፋንድያው ይጠረጋል። እዚያ ግቢ የሚሸጥም የሚገዛም የለም። በቅሎዋ ልታድር ነው የመጣችው። ማሪና ማለት ይህ ጋጣ ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልጎትተው። የቦይ ማሪና ከዋናው ቦይ ጎን የተቆፈረ ኩሬ ነው፤ ከቦዩ ጋር የሚያገናኘው አንድ ጠባብ አፍ አለው። ውስጡ ፖንቱን የሚባሉ መረማመጃዎች ይዘረጋሉ፤ እያንዳንዱ ጀልባ በሁለት መረማመጃ መካከል ወይም በአንዱ ጎን የራሱ ቦታ አለው። ጭዱ ናፍጣ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የምድጃ ከሰልና የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ፋንድያው ደግሞ ያው የታወቀው ነው፤ በፓምፕ ይመጠጣል፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ በጀሪካን የመሰለ ዕቃ ተሸክሞ ሄዶ ይደፋዋል። ማሪና ይዞ የሚተዳደር ሰው ከምንም በላይ የሚያስበው ስለዚህኛው ነው። የመምጠጫው ፓምፕ በእሑድ ቀን ከተበላሸ ሌላው አገልግሎት ሁሉ ቢያምርም ማንም አያመሰግንም።

ኪራዩ በጀልባው ርዝመት ይሰላል። እዚህ ላይ ምሳሌዬ ያነክሳል፤ በቅሎ በክንድ ተለክታ የጋጣ ዋጋ ስትጠየቅ አላየሁም። ርዝመቱ ብቻ የሚለካው ስፋታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ነው። ሎክ የሚባለው፣ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ባለ በር የውሃ ደረጃ በብዙዎቹ ቦዮች ላይ ከ2.1 ሜትር ብዙም አይሰፋም፤ ስለዚህ ጀልባዎቹ ከዚያ ጠበብ ብለው ይሠራሉ፣ ርዝመታቸው ግን እስከ 21 ሜትር ይደርሳል። (ሰፋፊ ቦዮችም አሉ፣ በእነሱ ላይ የሚሄዱ ሰፋፊ ጀልባዎችም አሉ፤ እነሱ በብዛት ጨመር አድርገው ይከፍላሉ። ይህን ካልጨመርኩ የድሮ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል።)

የበቅሎዋ ባለቤት እዚያው ጋጣው ውስጥ ቢተኛስ? ይህም በማሪና ሕይወት ትልቅ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ቦታ ለመዝናኛ ጀልባ የሚከራይ ነው፤ ባለቤቱ ቅዳሜና እሑድ መጥቶ ያድራል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ ጀልባውን ቤቴ ብሎ ሊኖርበት ከፈለገ ግን ቦታው ለመኖሪያ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ነው። ማሪና ሳይከራዩ በቦዩ ላይ እየተዘዋወሩ የሚኖሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ እነዚህን በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆዩ ያዝዛል። ብዙ ሰው «ወደብ የሌላቸው» ይላቸዋል። ወደብ አይደለም የሌላቸው፣ ጋጣ ነው።

ደግሞ ምሳሌው ምሳሌ ብቻ አልነበረም። ቦዮቹ የተቆፈሩት በአብዛኛው ከ1760ዎቹ እስከ 1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው፤ ብሪጅዋተር የሚባለው ቦይ በ1761 ወደ ማንቸስተር የድንጋይ ከሰል ማመላለስ ሲጀምር ጀልባውን የሚጎትተው በቦዩ ዳር የሚራመድ ፈረስ ነበር። ማታ ጀልባው ሲታሰር ፈረሱም ከመጠጥ ቤቱ ጓሮ ጋጣ ይገባ ነበር። ሁለቱም አብረው ያድራሉ።

እዚህ ጋ ታማኝ ልሁን። ቦይ ላይ ወደብ ኖሮ አያውቅም ብል ውሸት ነው። ስቶርፖርት የሚባለው ከተማ ስሙ ራሱ «ፖርት» አለበት፤ ከቦይ ጀልባ ወደ ሰቨርን ወንዝ ጀልባ ዕቃ ይገለበጥበት ነበር። ዛሬ በእነዚያው ኩሬዎች የመዝናኛ ጀልባዎች ታስረዋል። ውሃው ያው፣ የድንጋዩ ግንብ ያው፤ ሥራው ግን ተለወጠ፣ ወደቡም ማሪና ሆነ። የስብሰባው ሰውዬ ይህን ቢሰሙ «አልኳችሁም?» ይሉ ይሆናል። አላሉንም። እኔ የምለው ስሙን የሚወስነው ሥራው ነው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ «መልህቅ ጥለው ቆመዋል» የሚለው ነው። ማሪና ውስጥ መልህቅ አይጣልም። መልህቅ ለወንዝ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ ጎርፉ እንዳይወስድህ። ቦይ ላይ ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ ከሰው ወገብ እስከ ደረት ነው፣ ማሪና ውስጥ ደግሞ ጀልባ የሚያዘው በገመድ ነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፤ ከዚያ በተጨማሪ አንዱ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዱ ከኋላ ወደ ፊት ሰያፍ ሆነው የሚያያዙ ገመዶች አሉ። ጀልባውን ወዲያና ወዲህ ከመንሸራተት የሚያግዱት እነዚህ ሰያፎቹ ናቸው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚረሳቸውም እነሱን ነው። በቅሎን በአንድ ገመድ ችካል ላይ ብታስራት ዙሪያውን እንደምትዞር ነው።

ጀማሪ ሌላም ስሕተት አለው፤ ማሰር ማለት ማጥበቅ ይመስለዋል። ገመዱን ወጥሮ፣ ደርቦ ደራርቦ ይቋጥርና እጁን አራግፎ ይሄዳል። የውሃው ከፍታ ሲወርድ ጀልባው በገመዱ ተንጠልጥሎ ያጋድላል፤ ሲወጣ ደግሞ ገመዱ ወደ ታች ይይዘዋል። ሎክ ውስጥ ከሆነማ የሰው ሕይወት ነው፤ ውሃው እየወረደ ጀልባ በጥብቅ ገመድ ማሰር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ልል ገመድ በቦዩ ዳር ላይ ሌላ ችግር ያመጣል። በፍጥነት የሚያልፍ ጀልባ ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፣ የታሰረው ተንጦ የመሬቱን ችካል ይነቅላል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 6.4 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ የታሰረ ጀልባ አጠገብ ግን ከዚያም ዝግ ማለት ደንብ ነው። ያልተጠየቅኩትን እየተናገርኩ ነው፣ አውቃለሁ።

አንድ ብቻ ልጨምር፤ ይህን ያየሁ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። የብረት ጀልባዎች ከማሪናው ኤሌክትሪክ ሲሰኩ በመሬት ሽቦው በኩል እርስ በርስ ይያያዛሉ። ውሃው ደግሞ መካከላቸው አለ። ሳያውቁት ትልቅ ባትሪ ይሆናሉ ማለት ነው፤ የአንዱ ብረት ሌላውን እየጠበቀ ቀስ በቀስ ይበላል። ለዚህ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የሚባል ዕቃ በመስመሩ ላይ ይገጠማል፤ ከጀልባው ሆድ ሥር ደግሞ በእሱ ፈንታ የሚበላ የብረት ቁራጭ ይበየዳል። ጨዋማ ላልሆነ ውሃ ማግኒዥየም፣ ለባሕር ዚንክ። ይህን አቀያይሮ የገዛ ደንበኛ ነበረኝ፤ «ብረት ብረት ነው» ይል ነበር። ጀልባውን ከውሃ ሲያወጡት ሆዱ ላይ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አገኙ።

ወደ ሐይቃችን ልመለስ። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ በፊት ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ነው። ይህን ያህል የሚለዋወጥ ውሃ ላይ፣ መውጫ ስለሌለው ክረምት ከበጋ ከፍ ዝቅ በሚል ሐይቅ ላይ፣ በሲሚንቶ የተተከለ መረማመጃ ሠርቶ ጀልባ ማሰር ከዓመት ወደ ዓመት አያዛልቅም። አንድ ዓመት ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ሌላ ዓመት ጭቃ ላይ ቁጭ ይላል። ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መረማመጃ፣ ቀለል ያለ ገመድ፣ የሚያድር ጠባቂ፣ ናፍጣና ዘይት ሐይቁ ውስጥ እንዳይፈስ የሚጠነቀቅ ሰው ይበቃዋል። ያኔ የጀልባ ማደሪያ በሉት። ማሪና ብትሉትም አልቆጣም። ወደብ ካላችሁት ግን ቀጥሎ የጉምሩክ ቢሮ ልትጠይቁ ነው።

ይህን ሁሉ፣ አጠር አድርጌ፣ ለልጁ ሚኒባሱ ውስጥ ነገርኩት። «አብሽሩ ጋሼ፣ ገብቶኛል» አለና ፎቶውን እንደገና አጉልቶ አየው። ሐይቅ ከተማ ደርሰን ልንወርድ ስንል ግን ጣቱን በአንዱ ጀልባ ጣሪያ ላይ አሳርፎ፣ «ታዲያ ይሄ የጫነው ምንድን ነው?» አለኝ። ጣሪያው ላይ እንጨት ተቆልሏል፣ አጠገቡ ብስክሌት ተጋድሟል።

ማገዶው ነው አልኩት፤ ለራሱ ምድጃ።