ከትዳር አጋር ሞት በኋላ እንደገና ማግባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሏ የሞተባት ሴት ወይም ሚስቱ የሞተችበት ወንድ በስልሳዎቹ ወይም በሰባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆኖ አዲስ ወዳጅ ማግኘቱ ሲሰማ፣ ከዘመድም ከጎረቤትም መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ስለ አዲሱ ሰው ማንነት አይደለም። ስለ ሟቹ፣ ስላለፈው ጊዜ ማጠር፣ ስለ ልጆቹና ስለ ንብረቱ ይጠየቃል። ከጥያቄዎቹ በስተጀርባ ያሉት ግምቶች ግን አብዛኞቹ ሲወርዱ ሲዋረዱ የመጡ እንጂ ተመርምረው የተያዙ አይደሉም።

«እንደገና መውደድ የመጀመሪያውን መርሳት ነው»

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሐዘንተኛው ራሱ ያምንበታልና። አመለካከቱ በሥነ ልቦና ሊቃውንት ዘንድም ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ነበረው። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ ሐዘን ማለት ከሟቹ ጋር የነበረውን ትስስር ጥቂት በጥቂት የመፍታት ሥራ እንደሆነ ገልጾ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ባለሙያዎችም ትስስሩ ካልተፈታ ለአዲስ ፍቅር ቦታ አይኖርም ወደሚል ድምዳሜ አዘነበሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የሐዘን ተመራማሪዎቹ ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን ይህን ሐሳብ ሞገቱ። በእነርሱ አባባል ከሟች ጋር ያለው ትስስር መልኩን ይለውጣል እንጂ የግድ አይቋረጥም፤ ይህም የጤና መታወክ ምልክት አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት፣ ሐዘንተኛ ሰው በሁለት ነገሮች መካከል እንደሚመላለስ ገለጹ፤ አንድ ጊዜ ያጣውን እያሰበ ያዝናል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀሪ ሕይወቱን ያደራጃል። ስለዚህ ከአዲስ ወዳጁ ጋር ስቆ የዋለ ሰው ማታ የሟች ሚስቱን ልብስ አይቶ ቢያለቅስ፣ ሳቁም ለቅሶውም እውነተኛ ነው።

ግራሳ ማሼል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ባለቤታቸው የሞዛምቢክ ፕሬዚዳንት ሳሞራ ማሼል እ.ኤ.አ. በ1986 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 1998 ደግሞ፣ ኔልሰን ማንዴላ ሰማንያ ዓመት በሞላቸው ቀን፣ ሁለቱ ተጋቡ። ወይዘሮ ግራሳ የማንዴላ ባለቤት ሆነውም የማሼልን ስም አልተዉም፤ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራሉ። አንዱን መውደድ ሌላውን እንዲክዱ አላስገደዳቸውም።

ይህ ማለት ግን ሁለተኛው የትዳር አጋር ምንም አይሰማውም ማለት አይደለም። በሳሎኑ የተሰቀለው ፎቶግራፍ፣ በየወሬው መሐል ብቅ የሚለው የሟች ስም፣ «እሷ ብትሆን እንዲህ ታደርግ ነበር» የሚለው ንግግር ሊያሳምም ይችላል። በእኔ ግምት ፎቶግራፉን ከማውረድ ይልቅ ማነጻጸሩን መተው ይበልጣል፤ ሟች ሰው ጉድለቱ ስለሚረሳ በሕይወት ያለ ሰው ከእርሱ ጋር ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አይችልም።

«ሐዘኑ ደረጃ በደረጃ ካላለቀ ማግባት አይገባም»

ብዙ የሚጠቀሱት አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች (መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ መተከዝና መቀበል) የመጡት ከሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ ሲሆን፣ እርሷ እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈችው ሊሞቱ ስለተቃረቡ ሕሙማን ነበር። በኋላ ሐዘንተኞችም በዚያው መሰላል እንዲወጡ ተጠበቀ። የሰው ሐዘን ግን በተራ አይሄድም፤ ቀለለ ሲባል ይመለሳል። የሕክምና መመሪያዎች የሚጠቅሱት የጊዜ ገደብም በስሕተት ሲተረጎም ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ቢያንስ 6 ወር፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ደግሞ ለአዋቂዎች ቢያንስ 12 ወር ይላሉ። እነዚህ ቁጥሮች የዕለት ኑሮን የሚያሰናክል ከባድ ሐዘን ሕክምና የሚያስፈልገው መሆኑን ለመለየት የወጡ ናቸው እንጂ ለማግባት የተሰጠ የፈቃድ ቀን አይደሉም።

በሃይማኖት በኩልም የሚባለውና የተጻፈው ይለያያል። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 7 ባሏ የሞተባት ሴት ለማግባት ነፃ መሆኗን ጽፏል። ቁርዓንም በምዕራፍ 2 ቁጥር 234 ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን እንድትጠብቅ ካዘዘ በኋላ፣ ጊዜው ሲያልቅ በራሷ ጉዳይ በአግባቡ በምትወስነው ላይ ኃጢአት እንደሌለ ይናገራል።

መቸኮል ምንም አደጋ የለውም ለማለት አይደለም። አደጋው ያለው ግን ከመውደዱ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ የሐዘን ወራት ቤት መሸጥ፣ ገንዘብ ማዋሐድና አገር መልቀቅን የመሳሰሉ የማይመለሱ ውሳኔዎች ላይ ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ከሆነ እነዚህ ቢቆዩ አይጎዳም።

«ቶሎ ያገባ ሰው ሟቹን አልወደደም»

በረጅም ሕመም የትዳር አጋሩን ያስታመመ ሰው ሐዘኑን የሚጀምረው ከሞቱ በፊት ነው። ጎረቤት ግን መቁጠር የሚጀምረው ከቀብሩ ዕለት ነው፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ብዙ ጊዜና ፈጥነው እንደሚያገቡም የታወቀ ነው፤ ይህ ግን የፍቅር ማነስ ማስረጃ አይሆንም። ሴቶች በአማካይ ረዘም ያለ ዕድሜ ስለሚኖሩ በዚያ ዕድሜ ያላገቡ ወንዶች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ወንዶች ደግሞ የልባቸውን የሚያወያዩት ሚስታቸውን ብቻ ስለነበር ስትሞት ሰው ያጣሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስትንከባከብ የኖረች ሴት በበኩሏ ብቻዋን መኖርን ወድዳ ልትመርጥ ትችላለች፤ ይህም ክብር የሚገባው ምርጫ ነው።

«በዚህ ዕድሜ የሚፈለገው አስታማሚ እንጂ ፍቅር አይደለም»

መተሳሰብና መረዳዳት የማንኛውም ትዳር አካል ቢሆኑም፣ የመዋደድና የመቀራረብ ፍላጎት ከዕድሜ ጋር አይጠፋም። የሚለወጠው አካሉ ነው። ሴቶች ካረጡ በኋላ የሚመጣ የብልት ድርቀት በቀላሉ ይታከማል፤ የወንድ ብልት አለመቆም ደግሞ የልብ በሽታ ወይም የስኳር ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል አፍሮ ከመደበቅ ለሐኪም መናገር ይሻላል። እርግዝና የማይታሰብ በመሆኑ ኮንዶም አያስፈልግም የሚለው እምነትም ስሕተት ነው፤ የአባላዘር በሽታ ዕድሜ አይመርጥምና ሁለቱም አስቀድመው ቢመረመሩ መልካም ነው።

«ልጆቹ አድገዋል፣ አይመለከታቸውም»

ያደገ ልጅም ወላጁ የሞተበት ልጅ ነው። አባት ወይም እናት አዲስ ሰው ሲያመጣ ልጁ ሐዘኑ እንደገና ሊቀሰቀስበት ይችላል፤ ቁጣው በሟች ስም ቢነገርም ከውስጡ የወላጅ ቤት፣ የበዓል ልማድ፣ አንዳንዴም የውርስ ስጋት አለበት። ስለ ውርስ መስጋትን ስስት ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስጋቱ መሠረት ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ አዲስ ጋብቻ፣ ኑዛዜው ያንኑ ጋብቻ በግልጽ ታሳቢ አድርጎ ካልተጻፈ በቀር፣ የቀድሞውን ኑዛዜ ይሽራል። በተለያዩ አገሮችም በሟች ምክንያት የሚከፈል የጡረታ አበል ዳግም ሲያገቡ የሚቋረጥበት ሥርዓት አለ። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት የጋብቻ ውል መዋዋል፣ ኑዛዜን እንደገና መጻፍና ስለ አበሉ ከሚከፍለው መሥሪያ ቤት መጠየቅ አለመተማመንን አያሳይም። ልጆች እንዲወስኑ ሳይሆን እንዲያውቁ መንገር ተገቢ ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከወላጃቸው ቢሰሙት ይቀላል።

«በኢንተርኔት የሚገኝ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ነው»

አይደለም፤ ሆኖም አጭበርባሪዎች ሐዘንተኛን ለይተው ያጠምዳሉ፣ እነርሱም ራሳቸውን የትዳር አጋር እንደሞተበት ሰው አድርገው ያቀርባሉ። በአካል ሳይገናኙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ በቪዲዮ ለመታየት ሁልጊዜ ምክንያት የሚያበዛና ነገሩን ከልጆች እንዲደብቁ የሚመክር ሰው ማንነቱን በዚሁ ይገልጻል።

«ካልተጋቡ ቁም ነገር የለውም»

ተዋድደው፣ ታማኝ ሆነው፣ ግን እያንዳንዳቸው በየቤታቸው የሚኖሩ ጥንዶች በብዙ አገሮች አሉ። ውርሱን ላለማወሳሰብ፣ አበሉን ላለማጣት ወይም የለመዱትን ቤት ላለመልቀቅ ይህን ይመርጣሉ። ጉድለቱ ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ወዳጅነት የሚሰጠው ዋስትና ጥቂት መሆኑ ነው፦ አንዱ ራሱን ቢስት ሌላው በሕክምናው ላይ የመወሰን፣ ቢሞትም የመውረስ መብት ላይኖረው ይችላል። በዚህ መንገድ ለመኖር የወሰኑ ሰዎች የሕክምና ውክልናቸውንና ኑዛዜያቸውን በጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ቅጂውንም ለልጆቻቸው መስጠት ይኖርባቸዋል።