የእንግሊዝ ወንድ ተማሪዎች የደንብ ልብስ ሱሪ፦ ታሪካዊ ዳሰሳ

በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ከወንድ ልጅ የደንብ ልብስ ውስጥ የባለቤቱን ማንነት አጉልቶ ሲያሳይ የኖረው ሱሪው ነው። ቁምጣ መሆኑ ወይም እስከ ቁርጭምጭሚት መውረዱ የልጁን ዕድሜ፣ ጨርቁና ስፌቱ ደግሞ የቤተሰቡን ኑሮ ያስታውቁ ነበር። ስለ ኮፍያውና ስለ ክራቫቱ የተጻፈውን ያህል ስለ ሱሪው ስላልተጻፈ ታሪኩን ከትምህርት ቤቶች፣ ከልብስ ፋብሪካዎችና ከሕግ ሰነዶች እየለቀሙ ማያያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአገሪቱ በሥራ ላይ ካሉት የተማሪ ልብሶች በዕድሜ የሚቀድመው የክራይስትስ ሆስፒታል ልብስ ነው። ይህ ተቋም ስሙ ሆስፒታል ይሁን እንጂ በ1552 በለንደን ኒውጌት፣ ቀድሞ የፍራንሲስካውያን ገዳም በነበረው ግቢ ለድሆችና ለወላጅ አልባ ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት ከንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ቻርተር ተቀብሏል። የለንደንን ታሪክ የጻፈው ጆን ስቶው እንደመዘገበው ልጆቹ በመጀመሪያው ገና ቡናማ፣ በተከታዩ ፋሲካ ደግሞ ሰማያዊ ለብሰው ወጥተዋል። ሰማያዊ ያኔ የሎሌና የሙያ ተለማማጅ ቀለም ነበር። ረጅሙ ሰማያዊ ካፖርት፣ ከጉልበት በታች የሚያበቃው ሱሪና ቢጫው ካልሲ ዛሬም ይለበሳሉ፤ ትምህርት ቤቱ በ1902 ወደ ሆርሻም ሲዛወር ልብሱም አብሮት ሄዷል። ከሦስቱ ሱሪው ዘግይቶ የታከለ ሳይሆን አይቀርም። ቢጫው ቀለም አይጥ እንዲያርቅ የተመረጠ ነው የሚባለውን ግን ከትውፊት አልፎ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ይከብዳል። ለችግረኛ ልጅ የተሰፋ ልብስ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በክብር መለበሱ ለተቋሙ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ውጭ ባለው ኅብረተሰብ ወንድ ልጅ እስከ አራት፣ አንዳንዴም እስከ ሰባት ዓመቱ ቀሚስ ይለብስ ስለነበር የመጀመሪያው ሱሪ በቤተሰብ ዘንድ የሚከበር ቀን ነበረው። ከ1780ዎቹ ወዲህ ረጅም ሱሪ ከአጭር ጃኬት ጋር ወገቡ ላይ በአዝራር የሚያያዝበት ልብስ ለትንንሽ ልጆች ተለምዷል። አባቶቻቸው ገና ከጉልበት በታች የሚታሰር ሱሪ እየለበሱ ሳሉ ልጆቹ በረጅሙ ሱሪ እንደቀደሟቸው ልብ ይሏል።

በ1440 የተመሠረተው ኢተን የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት በጥቁር ኮትና ባለ መስመር ሱሪ ይታወቃል። ጥቁሩ ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሐዘን የተለበሰ ነው ይባላል፤ ይህ አባባል ግን አከራካሪ ነው። አጠር ያሉት ተማሪዎች እስከ 1967 ድረስ ወገብ ላይ የሚቀር ጃኬት ይለብሱ ነበር።

የሱሪውን ታሪክ ከሀብታም ትምህርት ቤቶች አውጥቶ ለብዙኃኑ ያደረሰው ሊድስ ነው። ጆን ባራን የተባለው ነጋዴ በ1856 በዚህች የዮርክሻየር ከተማ የልብስ ማምረቻ ከፈተ፤ ዋና ሥራውም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የወንዶች ልጆች ልብስ ነበር። ለቤት ዕቃ የሚሆን ስስ እንጨት በመጋዝ ሲሰነጠቅ አይቶ፣ በ1858 ጨርቅ የሚቆርጥ ተመሳሳይ ማሽን አሠራ። ጨርቁ በጠረጴዛ ላይ ድርብርብ ሆኖ ይነጠፋል፣ የሱሪው ንድፍ በላዩ ላይ በጠመኔ ይሰመራል፣ ከዚያም ቆራጩ ክምሩን በሚሽከረከረው የብረት ቢላ ፊት እየገፋ በመስመሩ ይመራዋል፤ በአንድ ጊዜም የብዙ ሱሪዎች እግር ተቆርጦ ይወጣል። በመቀስ አንድ አንድ እያለ ሲቆርጥ ለኖረ ልብስ ሰፊ ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። ባራን ስፌቱን ለማቀላጠፍ ኸርማን ፍሬንድ ከተባለ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ጋር ይሠራ ነበር፤ ቆየት ብሎም ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁዳውያን ሌይላንድስ በተባለው ሰፈር በትንንሽ የስፌት ቤቶች የከተማዋን ዝና ገንብተዋል። ባራን በ1878 በሊድስ ፓርክ ስኩዌር ያሠራው፣ በሰሜን አፍሪካ የሙስሊሞች ኪነ ሕንፃ አምሳል የተዋበው የሴንት ፖልስ ሕንፃ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ የልጆች ሱሪ ያስገኘው ሀብት ምን ያህል እንደነበር የሚመሰክር ግሩም ቅርስ ነው።

የ1870 የትምህርት አዋጅ በየሰፈሩ ትምህርት ቤት ሲያስከፍት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ አልነበረም፤ የድሃ ልጅ የአባቱን ወይም የታላቅ ወንድሙን ሱሪ አሳጥሮና ጥፎ ይለብስ ነበር።

ቁምጣ በሰፊው የገባው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በኋላ ነው። ቤደን ፓወል በ1907 በብራውንሲ ደሴት ያስጀመረው የስካውት እንቅስቃሴ ጉልበትን ገልጦ መሄድን ከጥንካሬ ጋር አያያዘው። የ1902 የትምህርት አዋጅ ያስፋፋቸው የአካባቢ መስተዳድር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የቆዩትን የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ፈለግ ተከትለው ደንብ አወጡ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ግራጫ የሱፍ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት የሚሳብ ካልሲና መቆለፊያው በእባብ ቅርጽ የተሠራ ተለጣጭ ቀበቶ የእንግሊዝ ተማሪ መለያ ሆኑ። በክረምት እርጥብ ሱፍ ጭን ይፈገፍጋል፣ ብርዱም ጉልበትን ይሰነጥቃል፤ ሆኖም ብዙ ትምህርት ቤቶች ረጅም ሱሪን የሚፈቅዱት ልጁ 12 ወይም 13 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነበር። ያን ቀን የሚጠብቅ ልጅ ምን ያህል ይጓጓ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቁምጣውን ይበልጥ አጸናው። ከሰኔ 1 ቀን 1941 ጀምሮ ልብስ በኩፖን ሆነ፤ ለአንድ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ 66 ኩፖን ሲሆን፣ ልጆች ቶሎ ስለሚያድጉ ተጨማሪ ይሰጣቸው ነበር። በ1942 የወጣው የቁጠባ ደንብ የወንዶች ሱሪ ጫፍ ወደ ውጭ እንዳይታጠፍ ከለከለ፤ ለትንንሽ ልጆች ረጅም ሱሪ መስፋትንም ገደበ። እናቶች የሱሪን ጫፍ በሰፊው አጥፈው እየሰፉ በየዓመቱ ይለቁት፣ ያጠረውንም የሴቶች በጎ ፈቃድ አገልግሎት ባዘጋጃቸው የልጆች ልብስ መለዋወጫዎች ወስደው ይቀይሩት ነበር። ራሽኑ ያበቃው ከጦርነቱ አራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1949 ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የጨርቅ ነው። ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ኬሚስቶች በ1941 የፈለሰፉት ቴሪሊን የተባለ ሰው ሠራሽ ክር በኋላ ከሱፍና ከሌሎች ክሮች ጋር ሲደባለቅ በቤት የሚታጠብ፣ ቶሎ የሚደርቅና የካውያ መስመሩ የማይጠፋ ሱሪ ተገኘ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቁምጣ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ በአብዛኛው ለአንደኛ ደረጃ ልጆችና ትንንሽ ልጆችን ለሁለተኛ ደረጃ ለሚያዘጋጁ የግል ትምህርት ቤቶች ቀረ። በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጣል የልጆች ልብስ ዜሮ ተመን ተደረገለት፤ ተመኑ ግን በልብሱ መጠን ስለሚወሰን ቀድሞ የረዘመ ልጅ ወላጅ ታክሱን ይከፍላል።

በሰኔ 2017 ሙቀቱ ሲበረታ በኤክሰተር የሚገኘው የኢስካ አካዳሚ ወንዶች ልጆች ቁምጣ ስለተከለከሉ የሴቶቹን ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ገብተዋል። አንድ ጊዜ ልጆች ሊያወልቁት ይመኙት የነበረው ቁምጣ በዚህ ጊዜ የሚጠየቅ መብት ሆነ። በ2021 የወጣው ሕግ ደግሞ ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ወጪን እንዲያስቡበትና አርማ ያለበትን ልብስ በጣም እንዲቀንሱ የሚያስገድድ መመሪያ አስከትሏል። አብዛኛው ወላጅ ግራጫ ወይም ጥቁር ሱሪ ከየትኛውም ሱፐርማርኬት በርካሽ ስለሚገዛ ሱሪው ከኮቱ ይልቅ ለቤተሰብ ይቀላል፤ ጠባብ ሱሪን ለመከልከል ሲሉ ከተወሰነ ሻጭ ብቻ እንዲገዛ የሚያዙ ትምህርት ቤቶች ግን አሁንም አሉ።