ውሻ በሙቀት ተመታ ማለት ምን ማለት ነው?

ውሻ በሙቀት ተመታ የሚባለው ሰውነቱ ሙቀት ማስወጣት አቅቶት ከልክ በላይ ሲግል ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ሂት ስትሮክ ይሉታል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። 41ን ሲያልፍ አንጎሉ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ቶሎ ካልተደረሰለት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እኛ ሲሞቀን ያልበናል። ውሻ ግን የሚያልበው መዳፉ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ እሱም ብዙ አይረዳውም። የሚያቀዘቅዘው ማለክለኩ ነው። ሲያለከልክ ምላሱና የመተንፈሻ ቧንቧው ላይ ያለው እርጥበት ይተንና ሙቀቱን ይዞለት ይወጣል። ስለዚህ አየር በታፈነበት ክፍል፣ ወይም እንደ ጅቡቲና ዱባይ አየሩ ራሱ እርጥበት በተሸከመበት ከተማ፣ የፈለገውን ያህል ቢያለከልክ እምብዛም አይቀዘቅዝም። እንደ ፓግና ቡልዶግ ያሉ ፊታቸው የተደፈጠጠ ውሾች ደግሞ አየር እንደልብ ስለማይገባላቸው ቀድመው ይጎዳሉ።

«አዲስ አበባ ምን ሙቀት አለ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ በር ላይ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውለውን የግቢ ውሻ እዩት። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ይሆናል፣ ውሃው ተደፍቷል፣ እሱ ደግሞ ሰንሰለቱ ከፈቀደለት አልፎ መሄድ አይችልም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰንሰለቱን ማርዘም ወይም የቆርቆሮውን ቤት ዛፍ ስር ማዛወር ምንም ወጪ የለውም። መኪናም እንደዚያው ነው። ውጭው 22 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ40 በላይ ይደርሳል፤ መስኮቱን ትንሽ ከፈት ማድረግም ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው። ማለክለኩ አያቆምም፣ ለሀጩ ይወፍራል፣ ድዱ ደም ይመስላል። ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል።

እዚህ ከደረሰ ወደ ሐኪም ከመሮጣችሁ በፊት አቀዝቅዙት። ወደ ጥላ ወስዳችሁ መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፣ አፍንጫውና አፉ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። በካርቶንም ቢሆን አራግቡለት። እርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁበት አትተዉት፣ ፎጣው ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን አፍኖ ይይዝበታል። ራሱን ካወቀ ውሃ ይጠጣ፣ ካላወቀ ግን በግድ አፉ ውስጥ አትጨምሩ። ፓራሲታሞል ደግሞ በፍጹም! ይሄ ትኩሳት አይደለም፣ መድኃኒቱም አያበርደውም። ውሻን ሊመርዝ ይችላል፣ ድመትንማ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል።

ከተሻለውም በኋላ ሐኪም ይየው። ተነስቶ ጭራውን እየቆላ እንኳ የኩላሊቱ ጉዳት በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሊወጣ ይችላል።