የአርማታ ስሊፐር፦ ንድፉ፣ አሠራሩና የድሬዳዋ ሀዲድ

የአርማታ ስሊፐር ከባቡር ሀዲድ ሥር በአግድመት እየተደረደረ ሁለቱን ሀዲዶች የሚሸከም፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሳያዛንፍ የሚጠብቅና የባቡሩን ክብደት ወደ ጠጠሩ የሚያወርድ የኮንክሪት አግዳሚ ነው። ፈረንሳዮች ትራቬርስ ይሉታል፤ የዛሬዎቹ መሐንዲሶቻችን ስሊፐር ማለትን ለምደዋል። ከሩቅ ለሚያየው የተጋደመ ድንጋይ ይመስላል። ነገር ግን በሚሊ ሜትር ተለክቶ፣ በሆዱ ሽቦ ተወጥሮ፣ ለሚነጠፍበት አገር ሙቀትና አፈር ታስቦ የሚሠራ ዕቃ ነው። ይህ ዳሰሳ ምሳሌዎቹን ከድሬዳዋ የሚወስደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድሬዳዋ በቀጥታ ከሀዲድ የተወለደች ከተማ ናት።

የብረቱ ዘመን

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከቆመችበት ሜዳ ደረሰ። ሐረር ይገባል ተብሎ የታሰበው መስመር ተራራውን ሳይወጣ ከግርጌው ቀረ፤ በሜዳውም ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ለዚህ ሌላ ምክንያት የሚጠቅሱ አሉ፤ ሆኖም ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ አንድ ጊዜ የተጓዘ ሰው የመሬቱ አቀማመጥ ብቻውን በቂ ምክንያት መሆኑን አይጠራጠርም። ግንባታውን የጀመረው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. በተተካው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ሥር ሥራው ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሀዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 1 ሜትር ነበር።

የመጀመሪያው ሀዲድ በሜትር 20 ኪሎ ግራም ብቻ የሚመዝን ቀጭን ሀዲድ ሲሆን፣ የተነጠፈውም በብረት ስሊፐር ላይ ነው። ግንድ ያልተመረጠበት ምክንያት ለአካባቢው ሰው ግልጽ ነው። በዚያ ቆላ ምስጥ ግንድ ይበላል፤ ከምስጡ የተረፈውን ደግሞ ፀሐዩ ይሰነጥቀዋል። የብረቱ ስሊፐር ቅርጽ የሚደነቅ ነው። ከላይ ሲታይ ጠፍጣፋ ሳንቃ ይመስላል፤ ገልብጠው ሲያዩት ግን እንደ ተደፋ ገንዳ ውስጡ ጎድጓዳ፣ ሁለት ጫፎቹም እንደ አካፋ ወደ ታች የታጠፉ ናቸው። ጠጠሩ በጉድጓዱ ውስጥ ይታጨቃል፤ የታጠፉት ጫፎች ጠጠሩን ነክሰው ሀዲዱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዙታል። ሁለት ሰው ተረዳድቶ ያነሣዋል። በመዶሻ ሲመታ ይጮኻል፤ ጠጠሩ ከሥሩ የሸሸ እንደሆነ ደግሞ ድምፁ ባዶ እንስራ እንደ መምታት ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ትውልድ የተቀባበለው የሀዲድ ጥበቃ ሙያ የተገነባው በዚህ ብረት ላይ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

መስመሩ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ሆነ። ከዚያም እየደከመ ሄዶ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የነበረው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ።

አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። የሀዲዶቹ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ኃይሉ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ስሊፐሩም አርማታ ነው። ስሊፐሮቹ በ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ተደርድረዋል ብለን ብናሰላ በ1 ኪሎ ሜትር 1,667፣ በ750 ኪሎ ሜትር ደግሞ 1,250,000 ያህል ስሊፐር ይሆናል። አንድ ትንሽ የንድፍ ስሕተት ከሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚደገምበት ሥራ ነውና ስሌቱን ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው።

አርማታው ከየት መጣ

የአርማታ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው አትክልተኛ ዦዜፍ ሞኒዬ ለአርማታ ስሊፐር የፈጠራ መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ፌሮ ብቻ የገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ስሊፐሮች ግን ብዙ አልቆዩም፤ ተሰነጠቁ። ለውጡ የመጣው ሌላው ፈረንሳዊ ኤዤን ፍሬሲኔ እ.ኤ.አ. በ1928 ብረቱን አስቀድሞ ወጥሮ ኮንክሪቱን የመጭመቅን ዘዴ ካስመዘገበ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ ግንድ ሲያጥራት ውጥር ሽቦ ያለውን ስሊፐር በብዛት ወደ ማምረት ገባች። ፈረንሳይ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ሁለት የአርማታ ጉማጆችን በብረት ዘንግ ያገናኘ ሌላ ዓይነት ስሊፐር አወጣች። ባለሁለት ጉማጁ ቀላል ነው፤ አራት ጫፎች ስላሉትም ጠጠሩን በደንብ ይነክሳል። ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ የሚሠራው ባለአንድ ወጡ ግን ባቡሩ ከሀዲዱ ሲወጣ ተሸክሞት ርቀቱን ይጠብቃል። ሁለቱም ደጋፊ አላቸው። በእኔ አስተያየት ዘንጉ ለዝገት በሚጋለጥበት በጅቡቲ በኩል ባለአንድ ወጡ ይሻላል።

ጭነቱ እንዴት ይሰላል

ስሌቱ የሚጀምረው ከመንኮራኩሩ ነው። የአዲሱ መስመር የአክስል (ሁለት መንኮራኩሮችን የሚያገናኘው ዘንግ) ጭነት 25 ቶን ነው፤ ስለዚህ በአንድ መንኮራኩር 12.5 ቶን፣ ማለትም 125 ኪሎ ኒውተን ያህል ይደርሳል። ይህ ክብደት በአንድ ስሊፐር ላይ ብቻ አያርፍም። ሀዲዱ እንደ ድልድይ ጭነቱን ለግራና ለቀኙ ስለሚያካፍል፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሲሆን ከመንኮራኩሩ ሥር ያለው ስሊፐር ግማሽ ያህሉን ይቀበላል። ያ 62.5 ኪሎ ኒውተን ነው። ባቡሩ ግን ቆሞ አይጠብቅም፤ ይሮጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መንኮራኩሩም አንዳንዴ ጠፍጣፋ ቦታ ያወጣና በየዙሩ እንደ መዶሻ ይደበድባል። በአውሮፓውያን አሠራር ለዚህ በ1.5 ገደማ ይባዛል፤ ጠጠሩ በሁሉም ስሊፐር ሥር እኩል ላለመጠቅጠቁ ደግሞ በ1.35 ይባዛል። ውጤቱ ወደ 127 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። አሜሪካኖች ለድብደባው ከዚህ የበዛ ማባዣ ይጠቀማሉ። ማን ትክክል ነው የሚለው ክርክር አላለቀም፤ የመንኮራኩር ጥገና በሚላላበት አገር ግን የአሜሪካኖቹ ጥንቃቄ የሚያዋጣ ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጉብጠቱ ነው። ስሊፐሩ 2.5 ሜትር ቢረዝምና በሀዲዶቹ ማዕከላት መካከል 1.5 ሜትር ቢኖር፣ ከእያንዳንዱ ሀዲድ ወደ ውጭ 50 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። 127 ኪሎ ኒውተኑ ከሀዲዱ ሥር በ1 ሜትር ርዝመት ላይ እኩል ተዘርግቶ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል ብለን እንያዝ። ከሀዲዱ ሥር የሚፈጠረው የመጉበጥ ጉልበት 16 ኪሎ ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ጉልበት ስሊፐሩ ከታች ይሳባል፣ ከላይ ይጨመቃል። በአማካይ 26 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 21 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ስሊፐር ላይ ከታች የሚደርሰው መሳብ ከ8 ሜጋ ፓስካል (በስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ) በላይ ነው። ጠንካራ የሚባለው ኮንክሪት እንኳ በመሳብ በኩል የሚችለው 4 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው፤ ይሰነጠቃል ማለት ነው። የሞኒዬ ዘመን ስሊፐሮች የወደቁበት ምክንያት ይኸው ነው። ፌሮ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዛል እንጂ እንዳይፈጠር አያደርግም፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ ደግሞ ውሃና አቧራ እየጠጣ ብረቱን ያስበላል።

በመካከል ያለው ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ጠጠሩ ከመካከሉ ሥር ከተጠቀጠቀና ከጫፎቹ ሥር ከላላ፣ ስሊፐሩ እንደ ሚዛን በወገቡ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያን ጊዜ የሚሳበው ላዩ ነው። ስለዚህ ንድፉ ሽቦውን ከላይም ከታችም ያኖራል፤ ወገቡን ያቀጥናል፤ ጠጠር የሚጠቀጥቀው ሠራተኛም ከሀዲዱ ግራና ቀኝ አጥብቆ መካከሉን እንዲያላላ ይታዘዛል። ከወገቡ ላይ የተሰነጠቀ ስሊፐር ሲታይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የጠጠሩ አጠቃቀጥ ነው፤ ፋብሪካው ከዚያ በኋላ ይደርስበታል።

ሽቦው

ሽቦው 5 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከተለመደው ፌሮ ሦስትና አራት እጥፍ የሚበረታ ብረት ነው። በረጅም መደብ ላይ የብረት ቅርጽ ማውጫዎች ይደረደራሉ፤ ሽቦዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፉባቸዋል፤ በጃክ ይወጠራሉ። ኮንክሪቱ ይፈስሳል፣ በቫይብሬተር ይነዘራል፣ ይጠነክራል። ከዚያ ሽቦው ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ወደ ነበረበት ሊመለስ ሲል ኮንክሪቱን ይዞ ይጨምቀዋል። በጠቅላላ 350 ኪሎ ኒውተን ቢሆን፣ ከላይ በጠቀስነው ስሊፐር ላይ ከ6 ሜጋ ፓስካል በላይ ጭምቅ ያኖራል። ከ8ቱ ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው መሳብ 2 ገደማ ነው፤ ኮንክሪቱ ይችለዋል፣ ስንጥቁም አይመጣም። ሽቦው ከጊዜ ጋር ጥቂት ስለሚላላ ንድፉ ያንን ኪሳራ አስቀድሞ ይቆጥራል።

የድሬዳዋ ሙቀት

ኮንክሪት ሲጠና ራሱ ይሞቃል። ፋብሪካዎች ሥራውን ለማፋጠን እንፋሎት ይጨምሩበታል። የአውሮፓ ደረጃ የኮንክሪቱ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ገደማ እንዳያልፍ ይጠነቀቃል፤ 70 ዲግሪ ሲያልፍ በሲሚንቶው ውስጥ ዘግይቶ የሚያብጥ ውሁድ ሊፈጠር ይችላልና። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ እርጥበት ሲያገኝ ይወጣል፤ ደህና የነበረው ስሊፐር እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈነካከታል። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደ ምትገኘው ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር፣ ጠጠሩ በፀሐይ ውሎ፣ ውሃውም በበርሜል ሞቆ ወደ ማደባለቂያው ከገባ ገና ከመነሻው ገደቡን መቅረብ ነው። መፍትሔው የሚታወቅ ነው፦ ጠጠሩን ጥላ ሥር ማኖር፣ ውሃውን ማቀዝቀዝ፣ በሌሊት ወይም በማለዳ ማፍሰስ፣ እንፋሎቱን መቀነስ።

ሲሚንቶ ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚያ የተተከለው ፋብሪካ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፤ የኖራ ድንጋዩም በከተማዋ ዙሪያ ነው።

ሙቀቱ የተነጠፈውንም ሀዲድ ይፈትናል። የአዲሱ መስመር ሀዲድ በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ሲሞቅ የሚረዝምበት ክፍተት የለውም። በሜትር 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሀዲድ በ1 ዲግሪ ጭማሪ 16 ኪሎ ኒውተን ያህል ግፊት ያከማቻል፤ በ30 ዲግሪ ጭማሪ 480። ሁለቱ ሀዲዶች ሲደመሩ ወደ 100 ቶን የሚጠጋ ኃይል መስመሩን ወደ ጎን ለማጣመም ይጠባበቃል። የሚይዘው የስሊፐሩ ክብደትና በጠጠሩ ውስጥ መቀበሩ ነው። ከ250 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው አርማታ ከቀላሉ ብረት የሚበልጥበት ትልቁ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

ጠጠር፣ ጎርፍና ጨው

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና በአንድ ሌሊት ወንዝ ይሆናል። የሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው በሌሊት መጥቶ ነው። እንዲህ ባለ አገር የስሊፐር ንድፍ ከውሃ መውረጃ ንድፍ ተለይቶ አይሠራም። ደለል ጠጠሩን ከሞላው ውሃው ይቋጥራል፤ ባቡር ሲያልፍ ስሊፐሩ ጭቃውን እንደ ፓምፕ ይመጥጣል፤ አሸዋ የተቀላቀለበት ጭቃም የስሊፐሩን ሆድ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ወደ ጅቡቲ ሲወረድ ጠላቱ የባሕር ጨው ነው። ሽቦው ላይ ቢያንስ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥቅጥቅ ያለ ኮንክሪት ሊለብስ ይገባል። ውጥር ሽቦ እንደ ፌሮ ቀስ እያለ ዝጎ አያስጠነቅቅም፤ ድንገት ይበጠሳል።

በሀዲዱና በስሊፐሩ መካከል የሚገባው የጎማ ንጣፍ ድብደባውን ያለዝባል፤ ከፕላስቲኩ መለያ ጋር ሆኖም ሀዲዱን በኤሌክትሪክ ከስሊፐሩ ይለያል። ንጣፉ ካለቀ ሀዲዱ ኮንክሪቱን መፋቅ ይጀምራል፤ ይህ ብዙ መስመሮችን የጎዳ፣ በርካሽ ዕቃ የሚከላከሉት ጉዳት ነው።

ፍተሻ

አዲስ ንድፍ ወደ ምርት ከመግባቱ በፊት ይጫናል። ስሊፐሩ ሀዲድ በሚያርፍበት ቦታ ሥር በሁለት ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ከላይ ይጫነዋል። ቴክኒሻኑ በብርሃንና በማጉያ መነጽር ታችኛውን ጎን ይከታተላል። የመጀመሪያው ስንጥቅ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ብዙ ጊዜ ከዓይን ቀድሞ የሚያሳየው ጎኑን ያረጠበው ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ጥቁር መስመር ነው። በእርሳስ ጫፉ ይሰመርና ጭነቱ ከአጠገቡ ይጻፋል። ጭነቱ ይጨመራል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይጨመራል። በአውሮፓ ደረጃ ጭነቱ ሲነሣ ስንጥቁ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍት ሆኖ የሚቀርበት መጠን ይመዘገባል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሽቦው መልሶ ዘግቶታል።

በመስመር ላይ ያለው ፍተሻ በእግር ነው። ከሀዲዱ ሥር ያለ ስንጥቅ፣ የተሰበረ የክሊፕ (ሀዲዱን ከስሊፐሩ ጋር የሚያስረው ማያያዣ) ትከሻ፣ ጎኑ ነጭ ዱቄት የለበሰ ጠጠር ይፈለጋል፤ ነጩ ዱቄት ስሊፐሩ ጠጠሩን እየፈጨ መሆኑን ይናገራል። የተጎዳው ሲቀየር ጠጠሩ ይቆፈራል፣ ክሊፖቹ ይፈታሉ፣ አሮጌው በጎን ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱ በዚያው ይገባል። እንደ ብረቱ ዘመን ሁለት ሰው አያነሣውም፤ ማሽን ወይም ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ጠጠሩ እስኪረጋ ድረስ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ያልፋሉ።