የጎርፍ ሞዴል ምንድን ነው? የጉዳት ዝርዝርንስ ማጣራት ይችላል?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ "ሞዴሉ ውሃ አልደረሰም ካለ የጉዳት ዝርዝሩ ውሸት ነው" ብሎ ጻፈ። ዝርዝሩ ያለው ኮሚቴ ጎርፍ የጎዳቸውን ቤቶች የመዘገበበትን ነው። ኧረ ተው! ስንት ጊዜ ሰማሁት።

ሞዴሉ የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ የዘነበውን ዝናብና የመሬቱን ከፍታ ይዞ ውሃው የት እንደሚደርስና ምን ያህል እንደሚጠልቅ ያሰላል። በቃ። ቤት አያይም።

እስቲ ድግስ አስቡ። ስንት እንጀራ እንደወጣ ከተቦካው ዱቄት መገመት ይቻላል። የማይሆን ቁጥር ከተነገራችሁ ትጠይቃላችሁ። አስር እንጀራ ቢጎድል ግን ጋጋሪዋን ሌባ አትሏትም፤ ሊጡ ወፍሮ ይሆናል፣ ምጣዱ ሰፍቶ ይሆናል፣ የመጀመሪያዎቹ ለማሟሻ ሄደው ይሆናል።

አቃቂ ላይ ደግሞ ምጣዱ ራሱ አሮጌ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የከፍታ ካርታ በፈረንጆች የካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የተለካው ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቱሉ ዲምቱና በገላን በኩል ስንት ኮንዶሚኒየም ቆሟል። አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነች ወንዙም፣ የቆርቆሮ አጥሩም፣ በፌስታል የታፈነው ቱቦም አንድ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። ዝናቡስ? ወንዙ የሚመጣው ከላይ ከእንጦጦ በኩል ነው፤ እዚህ ጠብ ሳይል ሊሞላ ይችላል። የዝናብ መለኪያው ሌላ ሰፈር ከሆነ ዱቄቱንም አልመዘናችሁትም ማለት ነው።

ወንዝ ዳር ያየሁት አንድ የጭቃ ቤት ላይ የውሃው ምልክት ከጉልበት አያልፍም ነበር። ግን ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ወጥቷል፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተንጋዷል። አጠገቡ ያለው የብሎኬት ቤት፣ ያው ጉልበት ድረስ ውሃ ገብቶበት፣ ታጥቦ ሰው ይኖርበታል። ከውሃው ጥልቀት ተነስቶ ጉዳቱን የሚገምት፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰንጠረዥ ሁለቱን እኩል ካስቀመጣቸው ስህተቱ የማን ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ሞዴሉ የተስተካከለው ኮሚቴው በለካው የውሃ ምልክት ከሆነ፣ በዚያው ሞዴል ኮሚቴውን አጣራሁ ማለት አይቻልም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ከወንዙ ራቅ ብሎ ጉብታ ላይ ያለ ቤት ከተመዘገበ ሄዳችሁ እዩ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሞዴሉ ወገብ ድረስ ውሃ ያሳየበት ሰፈር ዝርዝሩ ላይ ባዶ ሲሆን። ብዙ ጊዜ እዚያ ያለው ተከራይ ነው። ቤቱ በአከራዩ ስም ይመዘገባል፣ የረጠበው ፍራሽና የበሰበሰው ጤፍ ግን ባለቤት ያጣል። መጀመሪያ መሄድ እዚያ ነው፣ ግድግዳው ተለስኖ ምልክቱ ሳይጠፋ።